የልብን ኤሌክትሪክ መከተል፦ ከእጅ አንጓ እስከ ኢሲጂ ወረቀት

ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ማንበብ ሊማሩ ወደ እኔ የሚመጡ ጀማሪ ነርሶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ደብተር ይዘው ይመጣሉ። በደብተሩ ውስጥ የሞገድ ሥዕሎች በየመልካቸው ተደርድረው ከየሥዕሉ ሥር የበሽታው ስም ተጽፏል። «ለጊዜው ዝጉት» እላቸዋለሁ። ሥዕል በቃል መያዝ ለፈተና ያበቃ ይሆናል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከየትኛውም ሥዕል ጋር የማይገጥም ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ ግን ባዶ እጅ ያስቀራል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው መንገዱን ማወቅ ነው። እያንዳንዱ የልብ ምት አንድ የኤሌክትሪክ መልእክት ከታወቀ ቦታ ተነስቶ፣ በታወቀ መንገድ አልፎ፣ በታወቀ ጊዜ የሚደርስበት ጉዞ ነው፤ ወረቀቱም የዚያ ጉዞ መዝገብ ነው። የት ተነሳ? የት ቆየ? በየት አለፈ? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መጠየቅ የለመደ ሰው አይቶት የማያውቀውን ወረቀት እንኳ ያነባል። በልብ ሕክምና ክፍል በሠራሁባቸው 16 ዓመታት ያስተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ እዚህም እንደዚያው እሄዳለሁ።

መጀመሪያ በጣት

ከማሽኑ በፊት ጣታችሁን አሠልጥኑ። አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጣችሁ ካረፋችሁ በኋላ የአንድ እጃችሁን መዳፍ ወደ ላይ አድርጉ። የሌላውን እጅ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ከአውራ ጣት ሥር ወረድ ብሎ፣ በአንጓው ጠርዝ ባለው አጥንትና በጅማቱ መካከል በምትገኘው ጎድጎድ ያለች ቦታ ላይ አሳርፉ። በአውራ ጣት አትለኩ፤ የራሱ ትርታ ስላለው የእናንተን ከታካሚው ጋር ያቀላቅልባችኋል። አጥብቃችሁ ከተጫናችሁ የደም ሥሩ ይዘጋል፤ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ 60 ሴኮንድ ሙሉ ቁጠሩ። ብዙ ሰው 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል። ምቱ እኩል በሆነ ሰው ላይ ይህ ያስኬዳል፤ ምቱ በሚዛነፍ ሰው ላይ ግን ያሳስታል፣ እኛ ደግሞ በተለይ የምንፈልገው የሚዛነፈውን ነው።

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ጣታችሁን ሳታነሱ በረጅሙ ተንፍሱ። አየር ስታስገቡ ምቱ ፈጠን፣ ስታስወጡ ዘግየት ይላል። በወጣቶች ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ጤናማ ነው። ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ከአተነፋፈሳችሁ ጋር ልጓሙን ላላ ጠበቅ ሲያደርግ ነው የሚሰማችሁ። ይህን ልጓም አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

ጣት የሚነግራችሁ ግን ጡንቻው የሠራውን ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ ደርሶ ጡንቻው በቂ ደም ሳይገፋ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምቱ የተዘበራረቀበት ሰው ካጋጠማችሁ አንዳችሁ በደረቱ ላይ በማዳመጫ፣ ሌላችሁ በአንጓው ላይ በጣት፣ እኩል ጀምራችሁ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ደረቱ ላይ 110፣ አንጓው ላይ 86 ሆኖ ስታገኙት አትደንግጡ፤ አንዳችሁም አልተሳሳታችሁም። 24ቱ ምቶች ቶሎ ቶሎ በመምጣታቸው ልቡ ሳይሞላ ተኮማትሯል፣ ስለዚህ እስከ እጅ የሚደርስ ግፊት አልነበራቸውም። ይህ ልዩነት ራሱ ለሐኪሙ የሚነገር ግኝት ነው።

የመልእክቱ መንገድ

መነሻው የቀኙ ላይኛ የልብ ክፍል ግድግዳ ነው፤ ከላይኛው አካል ደም የሚያመጣው ትልቁ የደም መልስ ሥር ከልብ ጋር በሚገናኝበት ቦታ። እዚያ ርዝመቷ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነች የሕዋሳት ስብስብ አለች፤ ሳይነስ ኖድ ትባላለች። አርተር ኪትና ማርቲን ፍላክ በ1907 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲገልጿት ፍላክ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር።

እነዚህን ሕዋሳት ከሌሎቹ የሚለያቸው ማረፍ አለማወቃቸው ነው። የታችኛው የልብ ክፍል ጡንቻ ሕዋስ ሥራ በሌለው ጊዜ ውስጡ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር በ90 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ መልእክት እስኪደርሰው ንቅንቅ አይልም። የሳይነስ ኖድ ሕዋስ ግን ወደ 60 ሚሊቮልት ዝቅታ እንደወረደ ወዲያው መልሶ መውጣት ይጀምራል። ሶዲየም ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ዝቅታው ወደ 40 ገደማ ሲጠብ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ሕዋሱም ይተኩሳል። ከዚያ ፖታሲየም ይወጣል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ መንጠባጠቡ እንደገና ይጀምራል። ለጀማሪዎች የማሳየው በቧንቧ ሥር በተቀመጠ ኩባያ ነው። ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ይሞላል፤ አፉ ሲደርስ ኩባያው ይገለበጣል፤ ባዶውን ተመልሶ ይቆማል፤ ጠብታው ግን አላቋረጠም። ልብ ከአካል ተለይቶ እንኳ ለጊዜው የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። ትእዛዝ አይጠብቅም።

አንጎል ታዲያ ምን ይሠራል? የጠብታውን ፍጥነት ይቀይራል። ነርቮቹ ሁሉ ቢቋረጡ ሳይነስ ኖድ በራሷ በደቂቃ ወደ 100 ጊዜ ትተኩሳለች። ያረፈ ሰው ልብ 60 ወይም 70 የሚመታው ቬገስ ልጓሙን ስለያዘ ነው። ስንደነግጥ ልጓሙ ይላላል፤ አድሬናሊንና መሰሎቹም ጠብታውን ያፈጥኑታል። ኦቶ ሌቪ የተባለው ሳይንቲስት በ1921 ያሳተመው ሙከራ ይህን በሚያምር መንገድ አሳይቷል። የአንድ እንቁራሪትን ልብ ቬገስ ነርቭ እያነቃቃ ልቡን አዘገየ፤ በዚያ ልብ ዙሪያ የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ ወደ ሌላ ልብ አዛወረው፤ ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ነርቭ ከልብ ጋር የሚነጋገረው በኬሚካል መሆኑ በዚህ ታወቀ። እኔ ይህን ታሪክ የምነግረው ታካሚ ኢሲጂ ሲነሳ ፈርቶ ምቱ 105 ሲሆን ተማሪዎቼ ወዲያው በሽታ ነው እንዳይሉ ነው። ሰውየውን አረጋጉት፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ድገሙት።

ከሳይነስ ኖድ የተነሳው መልእክት ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተላለፈ በላይኞቹ ሁለት ክፍሎች ይዳረሳል፤ እነርሱም ተኮማትረው ደማቸውን ወደ ታች ይገፋሉ። መልእክቱ ግን ወደ ታች በፈለገበት አይወርድም። በላይኞቹና በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ እንደ አጥር ተዘርግቷል፤ በጤናማ ልብ ውስጥ አጥሩ ያለው አንድ በር ብቻ ነው። በሩ ኤቪ ኖድ ይባላል። ሱናዎ ታዋራ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በጀርመን ማርቡርግ ከተማ ሲያጠና ቆይቶ በ1906 ገለጸው።

ከመንገዱ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ በር ነው። መልእክቱ እዚህ ሲደርስ በሴኮንድ 5 ሴንቲ ሜትር ወደሚሆን ፍጥነት ይወርዳል፤ ወደ 0.1 ሴኮንድ ያህልም ይቆያል። ይህች ቅጽበት ባትኖር ላይኞቹና ታችኞቹ ክፍሎች በአንድነት ይኮማተሩ ነበር፤ ላይኞቹ በተዘጋ የደም ክዳን (ቫልቭ) ላይ ደም ሲገፉ፣ ታችኞቹ ሳይሞሉ ሲጨመቁ። በ0.1 ሴኮንድ ቆይታው ግን የመጨረሻው ደም ወርዶ ይሞላል። ተማሪዎቼ ልብን ሲያስቡ ፍጥነትን ያስባሉ፤ እኔ ቆይታውን እንዲወዱት እፈልጋለሁ፣ በወረቀቱም ላይ ደጋግመው እንዲለኩት የማስገድዳቸው ለዚህ ነው።

በሩን ያለፈ መልእክት ዊልሄልም ሂስ በ1893 በገለጸው ጥቅል በኩል ይወርዳል፤ ጥቅሉ ለግራና ለቀኝ ቅርንጫፍ ይከፈላል፤ ቅርንጫፎቹም ያን ፑርኪንዬ በ1839 ባያቸው ቀጫጭን ክሮች ይበታተናሉ። እዚህ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ከበሩ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ወፍራሙ የታችኛው ክፍል ጡንቻ ከ0.1 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሙሉ መልእክቱን ይቀበላል፤ ስለዚህ እንደ አንድ እጅ ይጨብጣል።

ከዚያ ማረፍ አለ። የተኮሰው የጡንቻ ሕዋስ ካልሲየም እያስገባ ከ0.2 እስከ 0.3 ሴኮንድ ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ መልእክት ቢመጣም አይቀበልም። ባት ይሸመቀቃል፣ ጣት ይሸመቀቃል፤ ልብ የማይሸመቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይነስ ኖድ ብትደክም ተተኪዎች አሉ። በበሩ አካባቢ ያሉት በደቂቃ ከ40 እስከ 60፣ ከዚያ በታች በጡንቻው ውስጥ ያሉት ከ20 እስከ 40 ይተኩሳሉ። ሁልጊዜ ፈጣኑ ይመራል። ስለዚህ የምት ቁጥር ብቻውን መልእክቱ ከየት እንደተነሳ ፍንጭ ይሰጣል።

ወረቀቱን ማንሳት

መጥፎ ወረቀት ከማንበብ ወረቀት አለማንሳት ይሻላል እላለሁ፤ አጥብቄም አምንበታለሁ። ታካሚው በጀርባው ይተኛ፣ እጆቹ ይረፉ፣ አይብረደው። የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚያወጣ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ቆዳው ቅባት ወይም ላብ ካለው ይጠረግ፤ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የገመዱ ጫፍ፣ የማይጣበቅበት ፀጉር ካለ በፈቃዱ ይላጭ። ሰውነቱን የምታጋልጡት ለሥራው እስከሚያስፈልገው ብቻ፣ ለዚያው ጊዜ ብቻ ነው። የሴት ታካሚ ጡት ሥር የሚውለውን ኤሌክትሮድ እፍረት ይዟችሁ ከላይ አትለጥፉት፤ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ በሥርዓት አድርጉት።

በደረት ላይ ለሚውሉት ስድስት ኤሌክትሮዶች ቦታ የሚገኘው በዐይን ግምት ሳይሆን በጣት ቆጠራ ነው። ከአንገት ሥር ካለችው ጎድጓዳ ጀምራችሁ ጣታችሁን በደረት አጥንት ላይ ወደ ታች አንሸራትቱ። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር እንደወረዳችሁ አግድም የሆነች ጉብታ ታገኛላችሁ። ከጉብታዋ ወደ ጎን የሚወጣው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት ሁለተኛው ክፍተት። ሦስተኛውን አልፋችሁ አራተኛው ላይ ስትደርሱ ከደረት አጥንቱ ቀኝ ጠርዝ ቪ1ን፣ ከግራ ጠርዙ ቪ2ን ለጥፉ። ቀጥሎ ቪ4 ይለጠፋል፦ በአምስተኛው ክፍተት፣ ከአንገት ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት መሀል ወደ ታች በሚወርደው መስመር ላይ። ቪ3 በቪ2ና በቪ4 መካከል ይገባል። ቪ5ና ቪ6 በቪ4 ከፍታ በአግድም፣ አንዱ በብብት ፊት ጠርዝ፣ ሌላው በብብት መሀል ትክክል ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ቪ1ንና ቪ2ን ወደ ላይ መውሰድ ነው፤ በአንድ ክፍተት መሳሳት ጤነኛውን ልብ የታመመ ሊያስመስለው ይችላል።

የእጅና የእግር ገመዶችን በቀለም አትለዩ፤ ቀለሙ ከአገር አገር ይለያያል፤ በገመዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከለመድኩት የተለየ ማሽን ባለበት ክፍል ተመድቤ የቀኝና የግራ እጅ ገመዶችን አቀያየርኩ። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤ ሞገዶቹ ጥርት ያሉ፣ ግን ሊድ አንድ በሚባለው የወረቀቱ መስመር ላይ ሁሉም ተገልብጠው ነበር። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን ይዞ ታካሚውን አየ፣ ደረቱን አዳመጠ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ገመዶቹን በጣቱ ተከትሎ እጁ ላይ ደረሰ። ታካሚው በፍርሃት ዐይን ዐይናችንን ይመለከት ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ደግሜ አነሳሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት ከማሽኑ እንደወጣ፣ ሌላ ምንም ሳላይ፣ ሁለት ነገር አረጋግጣለሁ፦ በሊድ አንድ ላይ የመጀመሪያው ትንሽ ሞገድ ወደ ላይ መሆኑን፣ ኤቪአር በሚለው መስመር ላይ ደግሞ ሞገዶቹ ወደ ታች መሆናቸውን። እነዚህ ከተገለበጡ ልቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት ገመዱን ጠርጥሩ።

ማንበብ

ወረቀቱ ሁልጊዜ በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር መሮጡን ከጠርዙ አረጋግጡ። በዚህ ፍጥነት ትንሿ ካሬ 0.04፣ አምስት ትንንሾችን የያዘችው ትልቋ ካሬ 0.2 ሴኮንድ ናት። ወደ ላይ ሲለካ 10 ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊቮልት ነው።

በአንድ ምት ውስጥ የምታዩትን ከመንገዱ ጋር አገናኙ። የመጀመሪያዋ ትንሽ ጉብታ ፒ ናት፤ መልእክቱ በላይኞቹ ክፍሎች ሲዳረስ። ከፒ በኋላ ያለው ጠፍጣፋ መስመር ባብዛኛው የበሩ ቆይታ ነው። ሹሉና ረጅሙ ኪውአርኤስ ታችኞቹ ክፍሎች መልእክቱን ሲቀበሉ ነው። የመጨረሻው ሰፊ ጉብታ ቲ፣ ታችኞቹ ሲያርፉ። እነዚህን ፊደሎች የሰጠው ቪሌም አይንትሆቨን የተባለው ሆላንዳዊ ሳይንቲስት ነው፤ በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የእርሱ መሣሪያ 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ታካሚውም እጆቹንና አንድ እግሩን የጨው ውኃ በተሞሉ ዕቃዎች ውስጥ ይነክር ነበር። ዛሬ በአንድ እጅ በምትሸከሙት ማሽን ላይ ያሉት ሞገዶች እርሱ ከሳላቸው ጋር አንድ ናቸው።

ፍጥነቱን ለማግኘት በሁለት ተከታታይ ሹሎች መካከል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥራችሁ 300ን አካፍሉላቸው፤ አራት ካሬ ከሆነ 75 ነው። ምቱ የሚዛነፍ ከሆነ ይህ አይሠራም፤ 10 ሴኮንድ በያዘ ወረቀት ላይ ያሉትን ሹሎች ቆጥራችሁ በ6 አባዙ። የበሩን ቆይታ ከፒ መነሻ እስከ ኪውአርኤስ መነሻ ለኩ፤ በአዋቂ ሰው ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ፣ ማለትም ከ0.12 እስከ 0.20 ሴኮንድ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ መልእክቱ በሩ ላይ ከሚገባው በላይ ቆይቷል። ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ በአጥሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ኪውአርኤስ ከሦስት ትንንሽ ካሬ መጥበብ አለበት፤ ከሰፋ መልእክቱ በፈጣኖቹ ክሮች ሳይሆን በጡንቻው በዝግታ ሄዷል፤ አንደኛው ቅርንጫፍ ተዘግቷል ወይም ምቱ ከታች ተነስቷል።

አሁን ከሁሉ የምወደውን መሣሪያ ላሳያችሁ፤ ነጭ ወረቀት ነው። ጠርዙን በኢሲጂው ላይ አሳርፋችሁ በሁለት ተከታታይ ፒዎች ትክክል በእርሳስ ሁለት ጭረት አድርጉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጭረት ወደ ሁለተኛው ፒ አንሸራትቱ፤ ሁለተኛው ጭረት በሦስተኛው ፒ ላይ ይውላል? ቀጥሉ። ካልዋለ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ ተጠግታችሁ እዩ።

አንድ ሌሊት እድሜያቸው የገፋ እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። አንጓቸውን ስይዝ 34 ቆጠርኩ። «እናቴ፣ ራስዎን ያዞርዎታል?» አልኳቸው። «ደከመኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም፣ ልጄ» አሉኝ፤ ልጃቸው ግን ጠዋት አንድ ጊዜ ወድቀው እንደነበር ነገረኝ። ሐኪሙን ጠርቼ ወረቀቱን አነሳሁ። ከእኔ ጋር የነበረች ጀማሪ ነርስ አይታ «ዘገምተኛ ነው እንጂ እኩል ነው» አለች። እኩልነቱ እውነት ነበር፤ ሹሎቹ በየዘጠኝ ትልቅ ካሬ ይመጡ ነበር። ነጭ ወረቀት ሰጠኋት። ጭረት አድርጋ ማንሸራተት ጀመረች። ፒዎቹ በየአራት ካሬ፣ ያለአንዳች መዛነፍ ይመጣሉ። አንዱ ጭረት በቲ ላይ አረፈ፤ ቲውን ስታየው ከሌሎቹ አበጥ ያለ ነበር፣ ፒው ውስጡ ተደብቋል። ሌላው ጭረት ሹሉ ውስጥ ገባ። በፒና በሹሉ መካከል ያለውን ርቀት ስትለካ አንዴ ሦስት፣ አንዴ አሥራ አንድ ትንንሽ ካሬ ሆነባት። ቀና ብላ አየችኝ። «አይተዋወቁም» አለች። ከዚህ የተሻለ ንባብ አልሰማሁም። ላይኞቹ ክፍሎች በ75፣ ታችኞቹ በ33 እየመቱ፣ በሩ ፈጽሞ ተዘግቶ፣ ከታች ያለው ተተኪ ብቻውን ሰውነቱን ተሸክሞ ነበር። ሐኪሙ እስኪደርስ ከአጠገባቸው አልተለየንም።

መንገዱ ሲጠፋ

ፒ ጨርሶ ሳይኖር በሹሎቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ የተለያየ ከሆነ ላይኞቹ ክፍሎች መሪ አጥተዋል። በመቶ የሚቆጠሩ መልእክቶች በሩን ያንኳኳሉ፤ በሩ አንዳንዱን ያሳልፋል። ከላይ የ110ና የ86 ልዩነት የገለጽኩት ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። በላይኛው ክፍል ውስጥ የማይንቀሳቀስ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ስለሚችል፣ ሰውየው ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ቲ ቀጥ ብሎ እንደ ድንኳን ሲሾል ካያችሁ በደሙ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም አስቡ። ፖታሲየም ሲበዛ ሕዋሳት በሥርዓት ማረፍ ያቅታቸዋል፤ እየባሰ ሲሄድ ፒ ይጠፋል፣ ኪውአርኤስ ይሰፋል። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ወረቀቱን በፋይል ውስጥ አታስቀምጡ፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ሂዱ።

ታችኞቹ ክፍሎች መሪ ሲያጡ ግን ጊዜ የለም። ወረቀቱ የተንቀጠቀጠ መስመር ብቻ ያሳያል፤ ሰውየው አይመልስም፣ አይተነፍስም። እርዳታ ጥሩ፣ ወዲያው ደረቱን መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እየተጫናችሁ ልቀቁ፤ ዲፊብሪሌተር፣ ማለትም ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው መሣሪያ፣ እንደመጣ አገናኙት። ብዙ ሰው ንዝረቱ የቆመን ልብ የሚያስነሳ ይመስለዋል። የሚያደርገው የተዘበራረቁትን ሕዋሳት ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስቆም ነው፤ ጸጥታ ሲሆን ሳይነስ ኖድ መሪነቷን መልሳ የምትይዝበት ዕድል ታገኛለች። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ንዝረት የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ የሚያስቆሙት ሁከት የለም።

በወረቀት ላይ ሳትመሠረቱ እርዳታ የምትጠሩባቸውም አሉ፦ ደረት ሲያም፣ ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ምቱ ከ40 ወርዶ ራስ ሲያዞር። ንባቡ በኋላ ይደርሳል።

በሩ የተዘጋባቸው እኚያ እናት በማግስቱ ፔስሜከር የተባለ ልብን የሚያስመታ መሣሪያ ተተከለላቸው። በሰው አካል ውስጥ የመጀመሪያው የተተከለው በ1958 በስዊድን ነበር፤ የእርሳቸው ከግራ ትከሻቸው በታች ከቆዳ ሥር እብጥ ብሎ የሚታይ ትንሽ ነገር ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ያችው ጀማሪ ነርስ ኢሲጂ አነሳችላቸው፤ ነጭ ወረቀቷን ሳልነግራት አውጥታ ነበር። በየአራት ካሬው ፒ፤ ከፒ በኋላ ጠፍጣፋ መስመር፤ ከዚያ እንደ መርፌ የቀጠነች ቀጥ ያለች ጭረት፤ ወዲያው ሰፊ ሹል። መሣሪያው የሳይነስ ኖድን መልእክት ሰምቶ፣ በሩ ያደርገው እንደነበረው ቆይቶ፣ ከዚያ ወደ ታች ያስተላልፍ ነበር። ቆይታውን ለካች፤ አራት ትንንሽ ካሬ። እናትየው ግን ወረቀቱን አላዩም፤ ባስተማርኳቸው መሠረት ሁለት ጣታቸውን በገዛ አንጓቸው ላይ አሳርፈው፣ ዐይናቸውን ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት ተክለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥሩ ነበር። 60 ሴኮንድ እስኪሞላ ማንንም አላናገሩም።